ሩት ላልበቃቸው አስተዳዳሪዎች የተሰጠ ምክር

ክቡር አንባቢ፣ የሚያስተዳድሩት ሰርቨር ፍሪቢኤስዲ ከሆነ ከሩት ጎን ቱር የሚባል ሌላ ባለሙሉ ሥልጣን አካውንት ያገኛሉ። ሲስተሙ በየዕለቱ የሚልከው የደኅንነት ሪፖርት የዩዘር ቁጥራቸው 0 የሆኑትን ሲዘረዝር ሁለቱን አከታትሎ ይጠራል። ይህን እንዳዩ «ተጠለፍን!» ብለው ጮኸው አለቃዎን ከእንቅልፍ መቀስቀስ የሙያው ወግ ነው። ወጉን ካደረሱ በኋላ ግን ይረጋጉ። ቱር ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የይለፍ ቃሉ ቦታ ላይ ኮከብ ምልክት ስለተደረገበት እርስዎ የይለፍ ቃል እስኪሰጡት ድረስ ማንም በይለፍ ቃል ሊገባበት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ምክር እንለፍ። በቅድሚያ የሩትን ሼል ይቀይሩ። እንደ እርስዎ ያለ የተከበረ ሰው ቀለም በሌለው ሼል መሥራት አይገባውም፤ ባሽ ያስገቡ። ባሽ በፍሪቢኤስዲ ላይ ከመሠረታዊው ሲስተም ጋር አይመጣም፤ ከፓኬጅ ሲጫን ዩኤስአር ሎካል ሥር ይቀመጣል። ይህ ቦታ ደግሞ በሌላ ፋይል ሲስተም ላይ ሊሆን ይችላል። ያ ፋይል ሲስተም አንድ ሌሊት ማውንት አልሆንም ካለ ወይም ባሽ የሚደገፍበት ላይብረሪ በአፕዴት ከተበላሸ ሩት ሼሉን አጥቶ ከደጅ ይቀራል። ችግሩን ለመፍታት ሩት መሆን ያስፈልጋል፤ ሩት ለመሆን ደግሞ ችግሩ አስቀድሞ መፈታት አለበት። ማሽኑን በነጠላ ተጠቃሚ ሞድ አስነስቶ መሠረታዊውን ሼል መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያ ግን እስከ ኪቦርዱ ድረስ መሄድ ሊኖርብዎ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በእግር መንሸራሸር ለሚወዱ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

እንቅልፍ የሚወዱ ሰነፎች ግን ሌላ መንገድ አላቸው። ሩትን እንዳለ ይተዉትና ጌጡን ሁሉ ለቱር ይሰጡታል፤ ቱር የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ባሹ ቢሰበር ሩት በመሠረታዊው ሼል ገብቶ ይጠግናል። በተቃራኒው ደግሞ ሩትን አስጊጠው ቱርን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡ አሉ። የቱር የሼል ቦታ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ያንኑ መሠረታዊ ሼል ይሰጠዋል። እነዚህኞቹ ለቱር ጠንካራ የይለፍ ቃል ያወጡለታል፤ ክፉ ቀን ከመድረሱ በፊትም አንድ ጊዜ ገብተው ይሞክሩታል። እርስዎ ግን አይሞክሩት፤ ለክፉ ቀን ትንሽ ጉጉት ይቆይ።

ቀጥሎ ቱርን ከሩት አነስ ያለ፣ ለስላሳ ሥልጣን አድርገው ይቁጠሩት። ከርነሉ በስም አያምንም፤ የሚያየው ቁጥር ነው፤ የሁለቱም ቁጥር 0 ነው። ቤታቸው እንኳ አንድ ፎልደር ነው። ስለዚህ «ቱር የከፈታቸውን ብቻ ልዝጋ» ብለው ፒኪልን በቱር ስም ሲያዙት ትእዛዙ ስሙን ወደ 0 ይለውጥና በሩት ሥልጣን የሚሮጡትን አገልግሎቶች አብሮ ያጭዳል። ጸጥ ያለ ሰርቨር ለሚወዱ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው።

የሥራ ባልደረቦችዎንም አይርሱ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባለ 0 አካውንት ይክፈቱላቸው፤ ማንም ቅር አይለውም። አንዱ ዳታቤዙን ሲሰርዝ የሚተርፉት ፋይሎች በሙሉ ባለቤታቸው ሩት ይባላል። ጥፋተኛው ከሎጉ ውስጥ ተለይቶ ስለማይወጣ በመሥሪያ ቤቱ ሰላም ይሰፍናል። ማን ምን እንዳዘዘ በስሙ የሚመዘግበው ሱዱ ግን ሰው ያጣላል፤ ይራቁት።

እነዚህን ምክሮች የሚንቁ ሰዎች አሉ። እነሱ ለዕለት ሥራ ሱዱን ይጠቀማሉ፤ የሩትን ሼል አይነኩም፤ ቱርን ካልፈለጉት በኮከቡ እንደተቆለፈ ይተዉታል። በሪፖርቱ ላይ ከሩትና ከቱር ሌላ ሦስተኛ ባለ 0 ስም ያዩ ቀን ግን ያለ ሳቅ ይደነግጣሉ፤ እሱን ሲስተሙ አላመጣውምና። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የማይወዱ ከሆነ፣ ክቡር አንባቢ፣ የእኔን ምክር ትተው እነሱን ይከተሉ።