ከስድስተኛ ጎዳና እስከ ጂንጃ

ካምፓላ ውስጥ ደህና የለበሰ ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ ሲሄድ ከታየ ሁለት ነገር ብቻ ይጠረጠራል፤ ወይ የተሳፈረበት ሞተር ብስክሌት፣ ቦዳ ቦዳው፣ ተበላሽቶበታል፣ ወይ ኪሱ ባዶ ነው። እኛ ሦስተኛ ምክንያት ይዘን ተነሣን፤ ገንዘብ ልናገኝበት።

ነገሩ የተጠነሰሰው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ጓሮ፣ ቡና ላይ ነው። ሰፈሩ ጎዳናዎቹን በቁጥር የሚጠራ ነው። ስድስተኛው በኢንዱስትሪው ሰው በጄምስ ሙልዋና ስም ከተሰየመ በኋላ እንኳ አሮጌው ሹፌር ዛሬም ስድስተኛ ይለዋል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ናሙዎንጎ አለ፤ ገንዘቡ እዚያ ላሉ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲውል ታሰበ።

ለበጎ አድራጎት መሮጥ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ሮታሪ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለካንሰር ሕክምና ሕዝቡን ያስሮጣል። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ግን፣ «የአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች ነን እንጂ አበበ ቢቂላ አይደለንም» አሉ፤ ሩጫው ቀርቶ እግር ጉዞ ሆነ። ማቢራን ደን አቋርጦ እስከ ጂንጃ፣ 80 ኪሎ ሜትር። ቀኑ ፍልሰታ ላይ እንዲውል ያደረገው ገንዘብ ያዡ ነው። «ጾም ከሆነ ለስንቅ ወጪ የለም» አለ፤ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ በጀት ሰምቼ አላውቅም።

ቃል መግባት ሲጀመር አንድ ነጋዴ ተነሥተው፣ «ከሙኮኖ ወዲያ ለምትሄዱት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እከፍላለሁ» አሉ። ተጨበጨበ። ሙኮኖ ለመድረስ 21 ኪሎ ሜትር እንዳለ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ አላጨበጨበም። ቡና የምታፈላልን እትዬ በበኩሏ፣ «ልጆቼ፣ ያለኝን ልስጣችሁና ቤታችሁ ተቀመጡ፤ እግራችሁ ምን በደለ?» አለች። ይህ ሐሳብ ኮሚቴውን ለሁለት ከፈለው። እውነቷን ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው በእግሩ ቁልቢ የሚሄደው ስለት ሊያገባ፣ ማለትም ሊሰጥ ነው። እግሩን አሳብጦ ከሌላው ኪስ ማውጣት ትንሽ ያሳፍራል። ግን በባዶ እጅ የተለመኑት ሁሉ «እናያለን» እንዳሉን ሲታወስ እግራችን ተፈረደበት።

በረሃውም ጫካውም የጀመረው ከበሩ ነው። ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ለመውጣት የፈጀብን ጊዜ ማቢራን ለማለፍ ከፈጀው የሚያንስ አልመሰለኝም። የጭነት መኪና ሲመጣ ወደ ጉድጓዱ፣ ጉድጓዱ ውኃ ሲሆን ወደ መኪናው ነው። የናኪቩቦ ቦይ ዳር አንድ አባ ኮዳ፣ መዋጮ ያልከፈለ አባል እንዳየ የእድር ዳኛ፣ ከላይ እስከ ታች ገላመጠን። ቀጥሎ ባለ ቦዳው መጣ።

«ሴቦ፣ ቱጌንዴ!» ጌታው እንሂድ ማለቱ ነው።

«በእግራችን ነን።»

«ወዴት?»

«ጂንጃ።»

ሞተሩን አጠፋ። «ለምን?»

«ገንዘብ ለማሰባሰብ።»

ከልቡ አዘነ። «እንግዲያው እስከ ናካዋ በግማሽ ዋጋ ላድርሳችሁ።»

ኪሬካ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ወደ ናሙጎንጎ የምንሳለም መስሏቸው፣ የሰማዕታቱ በዓል ጁን 3 እንዳለፈ በትሕትና ነገሩን። ተሳላሚ ከታንዛንያና ከኬንያ ጭምር በእግሩ ስለሚመጣ ግምታቸው ከባለ ቦዳው ይሻል ነበር።

ከሙኮኖ ወዲያ ናማዎጆሎ አለ። እዚያ መኪና ሲቆም ሻጮች በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ በመስኮት ያስገባሉ። መስኮት የሌለን እኛ ስንደርስማ ዶሮው ከአራቱም አቅጣጫ መጣብን። የፍልሰታ ጿሚ፣ ባዶ ሆድ፣ የትኩስ ጥብስ ጢስ! ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አለፉ፤ ገንዘብ ያዡ ዋጋ ብቻ ጠይቆ አለፈ።

ሉጋዚ አድረን ማቢራ ገባን። 300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደን፣ ከ300 የሚበልጥ የወፍ ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሩብ የሚጠጋው ለአንድ ስኳር ፋብሪካ ለሸንኮራ አገዳ ሊሰጥ ታስቦ ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ የዚያን ፋብሪካ ስኳር አንገዛም ያለም ብዙ ነበር፤ ደኑም ተረፈ። ተረፈ ስል በግራና በቀኝ ነው። እኛ የምንሄድበት መሐሉ ከሞምባሳ የሚመጣ ኮንቴይነር ነው። ጦጣዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጥላ እያለ አስፋልት የመረጠውን ፍጡር በጽሞና አጠኑት።

ጂንጃ፣ የዓባይ ምንጭ ተብሎ በሚጎበኘው ቦታ፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ እ.ኤ.አ. በ1862 እዚህ እንደደረሰ አስጎብኚው ሲያስረዳ ሊቀመንበራችን ተቆጡ። ጎጃሜ ናቸው፤ ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን ጠጥተው ያደጉ። አስጎብኚው፣ «የእኔ ነጩ ነው» ብሎ በዘዴ አስታረቃቸው። ሁሉም ጀልባ ላይ ወጥቶ እግሩን ዘረጋና ፎቶ ተነሣ።

ካምፓላ በታክሲ ተመልሰን ወደ ነጋዴው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ሙኮኖ አለ፤ ሉጋዚ አለ፤ ማቢራ አለ። «የጂንጃው ድልድይስ?» አሉ። እዚያ ጠባቂዎች ካሜራ አይወዱም አልናቸው።

ከመሳቢያቸው ካልኩሌተር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው ድልድይ ርዝመቱ 525 ሜትር መሆኑን በቃላቸው ያውቁት ኖሯል። ቀንሰው ከፈሉ።