ሐይቅን በሚዛን ማድረቅ

በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስብሰባ ላይ «ሚዛኑን የጠበቀ ልማት» ከሻይ ዕረፍት በፊት ካልተነሳ ምልዓተ ጉባኤው እንዳልተሟላ ይቆጠራል። ሐሳቡን የሚቃወም የለም፤ ፋብሪካም ሐይቅም ይኑረን ቢባል ማን ይጠላል? አመዛዘኑ ግን የራሱ ጥበብ አለው። ለፋብሪካው መሬትና ውሃ ይሰጠዋል፤ ለሐይቁ ደግሞ ትኩረት ይሰጠዋል።

ጥበቡን ከሥር ከመሠረቱ መማር የሚሻ ከአዲስ አበባ የሐዋሳን መንገድ ይዞ አብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይግባ። ፓርኩ በ1960ዎቹ ሲቋቋም ዋና ዓላማው የውሃ ወፎችን መጠበቅ ነበር። ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ካርታው ሲነሳ ማለት ነው። በደርግ ዘመን ታዲያ ሚዛኑ ወደ ወፎቹ ማጋደሉ ታየና እዚያው አብያታ ዳርቻ ላይ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሐይቁ ውሃ እየተሳበ ገንዳ ላይ ይተኛል፣ ፀሐይ ትመጠዋለች፣ የቀረው ተጠርጎ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይሄዳል። ይህ ዶሮዎቹን እንዲጠብቅ ቀበሮ መቅጠር ነው የሚል አይጠፋም። ዕቅድ የማያውቅ ሰው ነው።

ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ይሆናል። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚኖረውም ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ፣ ከዝዋይ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በሚወርድለት ውሃ ነው። ዝዋይ ዳር የአበባ እርሻ አለ፣ የአትክልት መስኖ አለ፣ የባቱ ከተማም ትጠጣለች። ቡልቡላም በመንገዱ ላይ በውሃ መሳቢያ ሞተር ይቀነሳል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቡልቡላ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢጠየቅ የእሱ ድርሻ ኢምንት ነው፤ አብያታ የሚደርሰው ከኢምንቶቹ የተረፈው ነው። ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ማንም ግን አላደረቀውም። ሁሉም በየድርሻው ተጠቀመ እንጂ።

ዛሬ ወደ ውሃው ልጠጋ የሚል ጎብኚ መጀመሪያ የሚያገኘው ነጭ ቅርፊት ነው። ሲረግጡት ቀጭ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ግራጫ ጭቃ ጫማ ይውጣል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ነጩ አቧራ ዓይን ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የወፎቹ የግንዛቤ እጥረት ነው። ነጭ ፔሊካኖች የሚፈለፍሉት ሻላ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ ግን የሚያጠግባቸው ዓሣ ስለሌለው ለምሳ እየበረሩ አብያታ ይወርዱ ነበር። የአብያታ ውሃ ሲቀንስ ሶዳው ከረረ፣ ዓሣው ጠፋ፣ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። የአመጋገብ ማሻሻያ ሐሳብ ይዘው ከመቅረብ ይልቅ ዝም ብለው ሄዱ። ፍላሚንጎ በአንጻሩ አርአያ የሚሆን ወፍ ነው፤ ምግቡ በሶዳ ውሃ የሚበቅል አልጌ ነውና ችሎ ቆይቷል። «ወፎቹ እኮ አሉ!» ለሚል ኃላፊ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። ፕሮጀክት ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ይህ ሽሙጥ አይደለም። የአብያታው ፋብሪካ ከአዋጁ ቀድሞ የተተከለ ነውና ይለፈው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን ጥናቱን የሚያስጠኑትም፣ ለአጥኚው የሚከፍሉትም ራሳቸው የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ናቸው። የከፋዩን ፋብሪካ «አይሆንም» ብሎ የሚፈርም አማካሪ በሚቀጥለው ጨረታ ማን ያስታውሰዋል? በኋላም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጥናቶቹን የመመርመር ሥልጣኑን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጠ። ማዕድን እንዲወጣ የሚተጋው መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት መዘነ፤ ኢንዱስትሪ የሚያስፋፋውም የኢንዱስትሪውን። ፋይል ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ቀረ።

አንዳንዴ አሠራሩን የሚያበላሽ ነገር ያጋጥማል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት የሚያስችል ጣቢያ አብሮ ተሠርቶለታል። ውሃውን ከግንባታው በፊት ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ለአመዛዛኞቹ መጥፎ ምሳሌ። ደግነቱ እዚያው አጠገብ ጨለለቃ አለ። በፊት ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞላውና ረግረግ ሆነ። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው፤ ረግረጉም ደለሉን እያስቀረ ለሐይቁ ሲከላከልለት ኖሯል። የፓርኩ ማጣሪያ ዋጋው ተሰልቶ በጀት ተይዞለታል። ጨለለቃ ግን በነፃ ስለሚሠራ የማንም ንብረት መዝገብ ላይ የለም፤ ስለዚህ ማንም መጥቶ ቢያርሰው የጎደለ ነገር አይታይም።

የሶዳ አሽ ምርቱን ከአብያታ ወደ ሻላ የማስፋት ሐሳብም ተነስቶ ያውቃል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ አመዛዛኞቹን ለብዙ የአምስት ዓመት ዕቅድ ሥራ አያስፈታቸውም።