ሰው ሁሉ ከቁጥር የገባበት አገር

ዜጋውን አንድም ሳያስቀር ከቁጥር ያስገባ መንግሥት አለ ብላችሁ ቅናት እንደሚይዛችሁ አውቃለሁ። ግን አለ። ሩሲያዊው መሐንዲስ ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1920ዎቹ መባቻ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የጻፈውን «እኛ» የተሰኘ ልብ ወለድ ግለጡ፤ «ብቸኛው መንግሥት» እዚያ ውስጥ ይገኛል። ተራኪው ዲ-503 የጠፈር መርከብ ይሠራል። ወዳጁ ኦ-90 ትባላለች፤ ያሳሳተችው ደግሞ አይ-330። ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» የሚባል ጣጣ የለም።

መርከቡ ወደ ሌሎች ፕላኔቶች ሲነሣ የአገሩን ምርጥ ተሞክሮ ይዞ እንዲሄድ ዲ-503 ማስታወሻ ይጽፋል፤ መጽሐፉ ያ ማስታወሻ ነው። እኔም የተነሣሁት ተሞክሮውን ቀምሬ ለማቅረብ ብቻ ነው። ትችት ፍለጋ የመጣችሁ ሌላ ገጽ ሞክሩ።

ግልጽነትና ተጠያቂነትን ሌላው ዓለም በስብሰባ አዳራሽ ባነር ላይ ሰቅሎ ሲተወው፣ እነሱ ግድግዳ አድርገው ገነቡት። ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው። ጎረቤት ምን እንደበላ ለማወቅ ሐሜተኛ መቅጠር አያስፈልግም። መጋረጃ የሚወርደው ለፍቅር ቀጠሮ ሮዝ ትኬት ለቆረጠ ሰው፣ ለተፈቀደለት ሰዓት ነው። ተጠያቂነቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ የማይጠየቅ ሰው የለም። ጥፋተኛ የተባለም እንደ ኋላ ቀር አገር እስረኛ ዘመኑን ሁሉ ወህኒ ውስጥ አይበሰብስም። መሪያቸው «በጎ አድራጊው» በገዛ እጁ ማሽኑን ይጫንለትና ሰውየው በቅጽበት ወደ ውሃ ይለወጣል። ማንም ይሁን ማን፣ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚያልፈው።

መንቃቱም ሥራውም እንቅልፉም በሰሌዳ ነው። አንድ ጉርሻ 50 ጊዜ እንዲታኘክ ሕግ ወጥቷል። ሚሊዮኖች በአንድ ቅጽበት ማንኪያ ያነሣሉ፤ የቀረበላቸውን ሁሉ እኩል ይውጣሉ። ከጥንት ሥነ ጽሑፍ ታላቁ ብለው የሚያከብሩት የባቡር የጉዞ ሰሌዳን ነው። ምርጫቸውን አደንቃለሁ፤ ሴራ የሌለበት ድርሰት መንግሥትን አያስቸግርም።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም፤ አፍንጫ። ዲ-503 በዚህ ያዝናል። ልብሱ አንድ ዓይነት፣ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሰልካካ ሌላው ደፍጣጣ ይዞ ይወለዳል፤ ከዚያ ምቀኝነት ይከተላል። እኔ እንኳ ቅርጹ አያሳስበኝም። አፍንጫ ያለው ሰው ግን አንድ ቀን አንድ ነገር ማሽተቱ አይቀርም፤ መጪው ዕቅድ ይህን ቢያካትት ጥሩ ነው።

ምርጫም አላቸው፤ በየዓመቱ። በጎ አድራጊው በአንድ ድምፅ ይመረጣል፤ ለማሸነፍ ያን ያህል በቂ ነው። ልብ ወለዱ በሚተርክልን ዓመት ግን ያልታሰበ ሆነ፤ በሺህ የሚቆጠሩ እጆች ለተቃውሞ ተነሡ። በማግስቱ ጋዜጣው ምርጫው ለ48ኛ ጊዜ በአንድ ድምፅ መጠናቀቁን አበሠረ። እጆቹስ? ጋዜጣው መልስ አላጣም። ታላቅ ሙዚቃ ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል በሽተኛ አይጠፋም፤ ሳሉን ከዜማው የሚቆጥር ማን ነው? ጋዜጠኛ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ሳል ከሆነ ደግሞ ሕክምና ያሻዋል። የመንግሥት ሐኪሞች ምናብ የሚፈልቅባትን የአንጎል ነጥብ አግኝተው በጨረር ይተኩሷት ጀመር። ዲ-503ም በመጨረሻ ታክሞ ዳነ። ያቺ ሲሳሳላት የነበረችው አይ-330 በመስታወት ደወል ውስጥ አየር እየተመጠጠባት ስትሠቃይ፣ እሱ ከበጎ አድራጊው ጋር ጠረጴዛ ቀርቦ ይመለከታል። ፊቷ ነጥቶ ማማሩን ታዝቧል፤ ሌላ የተሰማው ነገር የለም። በዚያ አገር ባለቅኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ ቢቀጥሩኝ ይህችን አቀርብ ነበር፦

ከቁጥር አስገብቶ መንግሥቴ ቢያከብረኝ፣
ሐኪምም ዳሰሰኝ ራሴን ቀለለኝ።

የሚያስቀና አገር ይህ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካዊው ከርት ቮኔገት በ1961 «ሃሪሰን በርገሮን» በሚል አጭር ልብ ወለድ የ2081ዋን አሜሪካ ስሏል። እሷም ለእኩልነት ክብደት የሰጠች አገር ናት፤ ብርቱ የሆነ ሁሉ እርሳስ የተሞላ ከረጢት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልለታል። ቆንጆዋ ጭምብል ታጠልቃለች። አስተዋዩ በየ20 ሰከንዱ ገደማ የሚጮኽ ሬዲዮ ጆሮው ውስጥ ይደረግለታል። ሬዲዮ ሲጮኽ ሐሳብ እንደሚበተን ለማወቅ ግን እስከ 2081 መጠበቅም ሆነ ልብ ወለድ ማንበብ የግድ አይደለም።

ዛምያቲን ይህን ሁሉ በጎነት ጽፎ አገሩ አልሸለመችውም። መጽሐፉ ታገደ፤ በ1924 ኒው ዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ። ደራሲው አርፎ አልተቀመጠም፤ በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ ከአገር መውጫ ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም። በ1937 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። «እኛ» በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። የኅትመት ፈቃድ የምትሰጡ ሁሉ፣ ይህን አስቡበት።