በሐርጌሳ የወጣ የአውራ ጣት አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ካርድ ያለቀብህ ደግሞ ወደ ጎረቤትህ ዋይፋይ ጠጋ ብለህ አንብብ!

ሞዓ ስክሪን ዘእምነገደ እጅ፣ ቀዳማዊ አውራ ጣት፣ ሥዩመ መዳፍ፣ በሐርጌሳ ለሚኖሩ፣ ለሚሠሩና ለሚያልፉ የአማርኛ አንባቢዎች ሁሉ ሰላምታቸውን ያቀርባሉ። ነጋሪቱ የሚጎሰመው በከተማው መሀል፣ ከሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት አለፍ ብሎ፣ የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ተደርድሮ በሚመነዘርበት መንገድ ዳር ነው። ቦታው ያለ ነገር አልተመረጠም። አንድ ዶላር በሺዎች ሽልንግ ስለሚመነዘር፣ ሃያ ዶላር ይዞ የሄደ ሰው እስር ገንዘብ ታቅፎ ይመለሳል። ስልኩን ለመክፈት የሚተርፈው አንድ እጅ ነው፤ ከዚያም እጅ ላይ ሥራ ያልያዘ አንድ ጣት። ግርማዊነታቸው ዙፋን ላይ የወጡት እንዲህ ነው።

ስቲቨን ሁበር የተባለ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚይዝ በጎዳናና በካፌ 1,333 ጊዜ ታዝቦ፣ ስክሪናቸውን ሲነኩ ካገኛቸው ሰዎች 49 በመቶው በአንድ እጅ ብቻ እንደሚይዙ ያሳየ በመሆኑ፤ ስልኮች ግን ከዚያ ወዲህ እንደ እንጀራ ምጣድ እየሰፉ የሄዱ በመሆኑ፤ የአድራሻ መስመሩም ከላይ ሰገነት ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣት ከመደርደሪያ ስኳር እንደሚሰርቅ ልጅ እንዲንጠራራ የተገደደ በመሆኑ፤ ይህን አዋጅ ማውጣት አስፈልጓል።

አንቀጽ 1 ትርጓሜ ነው። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ብራውዘር» ማለት ሕዝቡ «ጉግል» እያለ የሚጠራው ማንኛውም ነገር ነው። «ሴቲንግ» ማለት ስልክ ሲበላሽ ብቻ የሚገባበት ጓዳ ነው። «ዓመት» ማለት ስልኩ እንደሚቆጥረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ክሮም በአማርኛ ሲከፈት ታብን «ትር»፣ ቡክማርክን ደግሞ «ዕልባት» ብሎ ያቀርባል። ዕልባት ጥሩ ቃል ነው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። «ትር» ሲባል ግን ከልብ ምት ሌላ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ አዋጅ «ታብ» በሚለው ይቀጥላል። የቃሉ ፈጣሪ ቅር ካለው ለጸሐፌ ትእዛዙ አቤት ማለት ይችላል።

ቀጣዩ አንቀጽ የአድራሻ መስመር ከሰገነቱ እንዲወርድ ያዛል። ይህ የግርማዊነታቸው ፈጠራ አይደለም። በ2011 የዊንዶውስ ፎን ስልኮች ብራውዘር መስመሩን ታች አድርጎት ነበር፤ ስልኩ ግን ገበያ አጥቶ ቀረ። ጉግልም ከ2016 ጀምሮ ክሮም ላይ ሞክሮ፣ ሁለት ዓመት ያህል አመንትቶ ተወው። ፋየርፎክስ በ2020 አዲሱን የአንድሮይድ ብራውዘሩን ይዞ ሲመጣ መስመሩን ታች አደረገው፤ ላይ ይሁንልኝ ላለም ምርጫ ሰጠ። በሴፕቴምበር 2021 አፕል ሳፋሪን ወደ ታች አወረደ። ገና በሙከራው ወራት ሕዝቡ ስለጮኸ፣ «እንደ ድሮው» የሚል ማብሪያ አብሮ ተጨመረለት። ክሮም ለአይፎን በ2023፣ ለአንድሮይድ ደግሞ በ2025 ፈቀደ። እንግዲህ አንድን መስመር ከላይ ወደ ታች ለማውረድ፣ የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል ማለት ነው። ቀድሞ የዘመተና ወድቆ የቀረው የዊንዶውስ ፎን ብራውዘር፣ የፊት ጦር መሪ ነበርና የፊታውራሪነት ማዕረግ ከሞት በኋላ ተሰጥቶታል።

አንቀጽ 3 የሳጥኖቹ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የዛሬ ወጣት አማርኛን ስልኩ ላይ ሲያይ ከዝናብ ጋር የወረደ ይመስለዋል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር አገኘ፤ ቁጥር ማግኘትና መልክ ማግኘት ግን ለየቅል ነው። ፎንቱ የሌለው ስልክ «ሰላም» የሚለውን ቃል ሦስት ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳይ ነበር። ሙሉ ጋዜጣ የከፈተ ሰው የተደረደረ የክብሪት ቀፎ ያያል። በዚያ ዘመን በተን ስልክ ላይ ሳይቀር የሚሠራው ኦፔራ ሚኒ ነበር፤ ገጹን መጀመሪያ የኦፔራ ሰርቨር ተቀብሎ ይጨምቀውና ቀጭን አድርጎ ወደ ስልኩ ይልከዋል። ታዲያ የአድራሻው ቦታ ላይ «ኦፔራ» ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ «ኮንፊግ» ብሎ በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው ጌጥ የሌለው የማስተካከያ ገጽ ይከፈትለት ነበር። ወደ ታች ሲወርድ፣ ውስብስብ ፊደላትን በቢትማፕ ስለማሳየት የሚናገር መስመር ያገኛል። ከ«ኖ» ወደ «የስ» ቀይሮ ሴቭ ሲያደርግ ሳጥኖቹ ይከፈቱና ሀሁ ብቅ ይላል! ስልኩ አማርኛ ተምሮ አይደለም፤ ሰርቨሩ ሆሄውን እንደ ሥዕል ስሎ እየላከለት ነው። ሥዕል ደግሞ ከጽሑፍ ስለሚከብድ፣ ካርድ በላ ተብሎ ይታማ ነበር።

ጸሐፌ ትእዛዙ ቀለም መቀየርና ዳራ ላይ የአበባ ፎቶ መለጠፍ ብራውዘር ማስተካከል ነው የሚለውን አነጋገር አይቀበሉም። ያቺን አንዲት «የስ» የሚበልጣት ማስተካከያ በአማርኛ አንባቢ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ አልተደረገም። ስለዚህ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቷታል፤ ርስት ግን የላትም።

ከዱባይ ዞሮ ስለመጣ ስልክ። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ሲቀባ የሰነበተ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አርብ ጠዋት ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ሻህ ቤት ተቀምጧል እንበል። አውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ነጭ ቀለም ደርቋል። ስልኩ በዐረብኛ ስለተዘጋጀ ብራውዘሩ እንደ መስታወት ተገልብጧል፤ በስተቀኝ የለመዳቸው ሦስት ነጥቦች ወደ ግራ ሄደዋል፤ የመመለሻው ቀስት ወደ ቀኝ ያመለክታል። ሰውዬው ሊመለስ ሲል ወደፊት የሚሄድ እየመሰለው ሁለቴ ይሳሳታል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚያነብ ሰው ትክክለኛው አሠራር ነው። በስልኩ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ እየወረደ ሄዶ «አማርኛ» የሚለውን በገዛ ፊደሉ ተጽፎ ያገኘዋል፤ ሲነካው ነጥቦቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ችግሩ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። አሠሪው «ወንድሜ፣ ስልክህን ላንዳፍታ» ይለዋል፤ ሶማሊኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ስለሚጻፍ ሀሁ ለአሠሪው ሌላ የሳጥን ዘመን ነው። ለዚህ ሲባል ስልኩን በእንግሊዝኛ፣ ክሮምን ብቻ በአማርኛ ማድረግ ተፈቅዷል፤ ሴቲንግ ውስጥ፣ ቋንቋዎች የሚለው ሥር ይገኛል።

የትርጉም ቁልፍም ተፈቅዷል። ጉግል ትርጉም ሶማሊኛን በ2013፣ አማርኛን በ2016 ስለጨመረ፣ የሐርጌሳን ዜና በአማርኛ ማንበብ ይቻላል። ሆኖም በዚህ መንገድ በተተረጎመ የቤት ኪራይ ውል ላይ መፈረም ክልክል ነው።

ታብን በተመለከተ፣ ከመቶ በላይ ከፍቶ የተገኘ ሰው ላይ ሌላ ቅጣት መወሰን አላስፈለገም። አንድሮይድ ላይ ክሮም እስከ 99 ድረስ ይቆጥርና ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ትቶ፣ ጎን የተኛ የሳቀ ፊት ያሳያል። ፋየርፎክስ ጨዋ ስለሆነ አይስቅም፤ የወሰን የለሽ ምልክት አድርጎ ዝም ይላል። የገዛ ብራውዘሩ የሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይከሰስም።

አዲስ ታብ ሲከፈት ከሥር የሚደረደረው ያልተጠየቀ ወሬ፣ ሰርግ ሳይጠራ እንደሚመጣ ጎረቤት ስለሚቆጠር ባለቤቱ ሊያጠፋው መብት አለው። ካርድ ለሚሰስቱ ዜጎች ሲያገለግል የነበረው የክሮም ዳታ ቆጣቢም በማርች 2022 ጡረታ መውጣቱ በታላቅ ሐዘን ይገለጻል።

ይህ አዋጅ የማይመለከተው አንድ ግዛት አለ። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም በ2009 የጀመረው ዛድ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ነው። ሐርጌሳ ውስጥ ሻህ የጠጣ ሰው ኮከብ ብሎ፣ ቁጥር ጽፎ፣ መሰላል ብሎ ይልካል፤ ገንዘቡም ይደርሳል። ዛድ ያለ ብራውዘርና ያለ ኢንተርኔት በተራ በተን ስልክ ይሠራል፤ ላይ ታች የሚል መስመርም የለውም። ጸሐፌ ትእዛዙ ይህን አንቀጽ ሲጽፉ ትንሽ አፍረዋል።

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ በተለይም «እንደመጣ ይሁን» የሚለው፣ ተሽሯል። አዋጁ አንባቢው የክሮምን የአድራሻ መስመር በአውራ ጣቱ ተጭኖ ከያዘበትና ወደ ታች የሚያወርደውን ምርጫ ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ምርጫው ያልመጣለት ሰው፣ አቤቱታ ይዞ ግቢ ከመምጣቱ በፊት ክሮሙን አፕዴት ያድርግ።