ልጅን ከመዝገብ ማስቀሪያ መንገዶች

ልጁን አገር እንዳያውቀው የሚፈልግ ወላጅ ብዙ መድከም አይጠበቅበትም፤ ዛሬን ለነገ ማሳደር ይበቃዋል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻክል ወረዳ፣ በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ሰበብ አይታጣም። ክረምት ከሆነ እርሻና አረም አለ፤ በጋ ከሆነ አጨዳና ውቂያ ይደርሳል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ልደት መዝጋቢም ነው፤ ማዳበሪያና ግብር የሚያሯሩጡትም እሱኑ ስለሆነ አንዳንዴ ከቢሮው አይገኝም። ቢቸናና ሞጣ አካባቢ ላለ ገበሬም ነገሩ ያው ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ደጋግ ወላጆች ሳያስቡት የሚያደርጉት ነው፤ የሚጻፈውም እንዲቀር ነው።

ለምዝገባ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜን ካልገባችበት ልክ ሦስት ወር ይሆናል፤ ጥር 12 የተወለደች ልጅ እስከ ሚያዝያ 12 ትቆያለች ማለት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሁለቱም ከ90 ቀን በፊት ናቸው። ያቺ የጥር ልጅ ሚያዝያ 2 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስም ወጥቶላታል፣ እናትና አባት አብረው ናቸው፣ የክርስትና እናቷም አለች፤ ገና 10 ቀን ይቀራል። ልጅን ከመዝገብ ማስቀረት የሚፈልግ እንግዲህ በዚህ ቀን መጠንቀቅ አለበት። ጠበሉና ድግሱ ካለቀ በኋላ ወደ ቀበሌ ጎራ ያለ እንደሆነ ነገሩ ተበላሸበት።

ሁለተኛው መንገድ በጤና ጣቢያ ወረቀት መርካት ነው። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት የልደት ማሳወቂያ ይሰጣታል፤ ክትባት ሲጀመር ደግሞ ካርድ ይጨመራል። ማኅተም ስላለባቸው በላስቲክ ተጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰቡም «ልጄ ተመዝግቧል» ብሎ ያምናል። ማሳወቂያው ግን ለቀበሌው መዝጋቢ ሊሰጥ የተጻፈ ነው። ሣጥን ውስጥ ስድስት ዓመት ካረፈ በኋላ ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠይቅ ሁሉም ይደነግጣል።

ለፍትሕ ሲባል የወላጅን ቸልታ ብቻ መናገር አይገባም። መንግሥትም በዚህ ሙያ ረጅም ልምድ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጓል፤ ያው ሕግ መጨረሻው ላይ በአንቀጽ 3361 እነዚያ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ እንዲቆዩ አደረገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከሕጉ እስከ ሥራው 56 ዓመት መሆኑ ነው። ምዝገባው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕጻናት የልደት ምዝገባ የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ናቸው። አያቱ ያልተመዘገበ፣ አባቱ ያልተመዘገበ ገበሬ ልጁን ለማስመዝገብ ባይቸኩል ሊፈረድበት አይገባም።

ስምን ማብዛትም ጥሩ ዘዴ ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ ይታይሽ፣ በክርስትና ወለተ ማርያም፣ ትምህርት ቤት ታየች ትባል። አያቷ ጋ ካደገች ደግሞ በአባት ስም ቦታ አያትየው ይግቡ፤ አሳዳጊ ናቸውና ማንም ክፉ አላሰበም። ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን በአንዱ ስም፣ ቀበሌ መታወቂያ ስታወጣ በሌላው ትጻፍ። ፓስፖርት ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ አንድ ሌላ አጻጻፍ ይጨመራል። እዚያ ላይ ስትደርስ ያቺ ልጅ በወረቀት ሦስት ሰው ሆናለች፤ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን የማስረዳት ሸክም የእሷ ነው፤ ለዚያም ፍርድ ቤት መመላለስ ይጠብቃታል።

ዕድሜን በግምት መተው ከሁሉ የከፋው ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ እንደ ፌዴራሉ ሁሉ፣ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ልጅ ያለ ዕድሜዋ መዳሯ የቆየ ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌ ተቀምጦ ጉዳዩ ሲነሣ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ፣ ዕድሜዋ የሚቆጠረው በአዝመራውና በበረዶው ዓመት ነው። «ደርሳለች» ካሉ ደረሰች ማለት ነው። ልጅቷ «አሥራ አራት ነኝ» ብትል የሚመሰክርላት ወረቀት የለም። መምህሯ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋብቻውን ለማስቆም ስትነሣ በእጇ ሊኖር ይገባው የነበረው ያ አንድ ገጽ ነበር።

ያልተመዘገበ ልጅ ወዲያውኑ አገር አልባ ይሆናል ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ማንኛውም ሕጻን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ተጥሎ የተገኘን ሕጻን እንኳ፣ ሌላ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ፣ ከኢትዮጵያዊ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ጭንቁ የሚመጣው «የማን ልጅ ነህ? የት ተወለድህ?» የሚል ሰው ፊት ሲቆሙ ነው።

ወረቀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ኢትዮጵያ በመራራ መንገድ አይታዋለች። በ1985ቱ የኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ ለመስጠት መታወቂያ የወሰዱ፣ ኑሯቸው ግን አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች የነበረ ሰዎች፣ በ1990 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲነሣ ያ ካርድ ዜግነታቸውን እንደመተው ተቆጠረባቸው። በጦርነቱ ዓመታት 75,000 ገደማ ሰዎች ከአገር ወጡ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ዓመታትን የየትኛውም አገር ዜጋ ሳይባሉ ኖሩ። ተወልደው ያደጉበትን ቤት ዘግተው የሄዱ ናቸው።

ዛሬ አደጋው በብዛት የሚታየው በስደት ላይ ባሉ እናቶች ነው። ሊባኖስ ውስጥ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የቀረ፣ ከቤቱም የጠፋች እናት የወለደችው ልጅ አባቱ ካልተቀበለው እዚያ የማንም አይደለም፤ በእናቱ በኩል ኢትዮጵያዊ ነው፣ እሷም ኢትዮጵያዊት መሆኗን የምታሳይበት ሰነድ ያስፈልጋታል። ከዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ ያልተጻፈው ልደት ቤይሩት ላይ የሚጠየቀው ያኔ ነው። አዋጅ 760 ለዚህ መላ አበጅቷል፤ ከአገር ውጭ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ልደት ይመዘግባሉ። እናቲቱ በሩን ለማንኳኳት የምትፈራው ያለ ፈቃድ መኖሯ እንዳይጠየቅባት ስለሆነ፣ ቆንስላ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ልጁን ይጻፍ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር ቀጥሎ ይደርሳል።

አሁን አሁን ደግሞ «ፋይዳ ወጥቶልኛል፣ ምን ቀረኝ?» ማለት ተለምዷል። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ሰውየው ማን እንደሆነ ይለያል፤ የተቋቋመው ለአገሩ ነዋሪ ሁሉ ስለሆነ ግን የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ የት፣ መቼ፣ ከማን እንደተወለደም በልደት መዝገብ ምትክ አይመሰክርም።

90 ቀኑ ያለፈበት ወላጅም በሩ አልተዘጋበትም። እስከ ዓመት ያለው «የዘገየ»፣ ዓመት ያለፈው «ጊዜ ገደቡ ያለፈበት»፣ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 በፊት የተወለደው ደግሞ «ነባር» ተብሎ ይመዘገባል። ማስረጃው እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይከለከልም። እናትና አባት አብረው መሄድ ካልቻሉ አንዳቸው ይበቃል፤ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ይህን ሳታውቅ ዓመታት የምታሳልፈው ማንም ስላልነገራት ነው። በአማራ ክልል በ2015 ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ መንገድ በመዘጋቱ ወይም ቢሮ ባለመከፈቱ ያመለጣቸው ልጆች ጥቂት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሰላም በተገኘበት ቀበሌ ሁሉ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት ሄደው እነዚህን ሊፈልጓቸው ይገባል፤ ከእነሱ ትልልቆቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን አልፈዋል።