ማንጎውን ኮከብ ያደረገው ማነው?

የአዲስ አበባ የቲክቶክ ወጥ ቤቶች «እሳት የማይነካው መክሰስ» የሚባል ጥበብ ያስተምሩናል። ፍራፍሬውን በኮከብ ቅርጽ ቆርጦ፣ ስንጥር ላይ ሰክቶ፣ ክሬም እየነከሩ መብላት ነው አሉ። ለክሬሙ ደግሞ የግሪክ እርጎ ያስፈልጋል። ግሪክ ድረስ!

የአጣዬ ከተማ እሳት በሌለበት ነገር ላይ ተቃውሞ የላትም፤ ከተማዋን ያጋያት የሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ቃጠሎ ይበቃታል። ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ለማንጎ? በከተማዋ በኩል በደሴ መንገድ የሚያልፍ ተሳፋሪ ማንጎውን በመስኮት ተቀብሎ፣ ልጣጩን በጥርሱ ገሽልጦ፣ ጭማቂው እስከ ክርኑ እየወረደ ይመጠዋል። ልጆቹማ ያልበሰለውን ሰንጥቀው ጨውና ሚጥሚጣ ያስነኩትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝኩታል። መንከሪያ ከተባለ ይኸው!

ክሬሙ ደግሞ ቀን ይመርጣል። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ የሁዳዴው 55 ቀን አለ። ጿሚ እንግዳ የመጣበት ሰው የግሪኩን እርጎ ምን ሊያደርገው ነው? አቮካዶ በሹካ ደፍጥጦ ሎሚ ጠብ ቢያደርግበት ግን ክሬሙም ክሬም፣ ጾሙም ጾም ነው። በረመዳን በቴምር የሚያፈጥረው የይፋት ሰውም ቢሆን እሳት የማይነካውን መክሰስ ከቲክቶክ አልተማረም።

ለመሞከር ለቆረጣችሁ፦ የቤት እርጎ ላይ ማር ጠብ አድርጉ፤ ሙዝና ፓፓያውን እንዳሻችሁ ቆርጣችሁ ንከሩ። ማንጎውን ግን እባካችሁ ተዉት።