ለዓሣ ነፋስ በመብራት

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች፣ ኧረ ጉዴን ስሙልኝ! ባሕር ዳር ልጄ ቤት ከከረምኩ ወዲህ ያላየሁት የለም። ጣና ከደጃቸው ተንጣልሎ ተኝቶ ሳለ፣ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ውሃ ሞልተው ዓሣ ያኖራሉ። ሊበሉት መስሏችሁ ይሆናል። የለም፣ ሊያዩት ነው! በእኛ ጊዜ ማየት ያማረው ሰው ከብቱን ያይ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ውሃው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ቅባት ተጋደመበት። በጎን ሲያዩት ቀለሙ ይለዋወጣል፤ በጣት ሲነኩት ይሰነጠቅና ተመልሶ ይገጥማል። ቤቱ ታመሰ። የልጅ ልጄ ስልኳን አየት አድርጋ፣ «አባባ፣ ከተረፈ ምግብ የሚወጣ ስብ ነው፤ ባክቴሪያም ይራባበታል፤ ውሃው አየር እንዳያገኝ ያፍነዋል» አለችኝ። እውነትም ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ያለከልካሉ። ሶፍት ዘርግታ ውሃው ላይ ታስተኛና ቀስ ብላ ስታነሳው ቅባቱ ተለጥፎ ይወጣል። ጋዜጣ ባቀብላት «ቀለሙ ይለቃል» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ በመብራት የሚሠራውን የውሃ ማጣሪያ አፍ ቀና አድርጋ የውሃውን ፊት እንዲያናውጠው አደረገች። እንግዲህ ውሃ ለማናወጥ የመብራት ይከፈላል! ጉና ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ሰውን በነጻ ያናውጥ የለም እንዴ?

አይ የጥንቱ ውሃ! ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና እስኪገቡ ማን ሶፍት አነጠፈላቸው? የምንጫችን ውሃ ኩልል ያለ፣ አልቅቱን በነጠላ አጥልለው ከጠጡት እንከን የሌለው ነበር። አልቅት ጉሮሮው ላይ የሚጣበቅበት ሰው መቼም አይጠፋም፤ ቢሆንም ጨዋ አልቅት ነበር።

አሁንማ ምግብም ተመጠነ። በቀን 1 ጊዜ፣ ያውም በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል! እንግዳ እንዲህ ይያዛል? እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ፣ ሰው ሲተኛ ከአገሬ ካመጣሁት በሶ በቅቤ ያሸኋትን ጭብጦ ቆረስ አድርጌ ጣል አደርግላቸዋለሁ። ለጋ ቅቤ ነው፤ እኛን አሳድጎ ዓሣ ሊጎዳ ነው? ጠዋት ስነሳ ታዲያ ያ ቅባት ከነግርማው ተጋድሞ አገኘዋለሁ።

እናንተም ቤት ይህ ጉድ ከገባ፣ ልጆቻችሁን ምከሩልኝ፦ ማጣሪያውን ይቀይሩት። የዘንድሮ ዕቃ አይረባም።